ሩቅ ላለች ሴት ስለ ጡት ካንሰር በስልክ ማማከር፦ ከደወሉ እስከ ሪፈሩ

በየሳምንቱ አንድ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ይደውልልኝና ያንኑ ይጠይቀኛል። «ገጠር ያሉ ሴቶችን ስለ ጡት ካንሰር በስልክ እንዴት ነው የምታማክሪው? ሳታዪያት ምን ልትያት ትችያለሽ?» ለእያንዳንዱ ከመመለስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መመሪያው ጤና ጣቢያ ወይም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ተቀምጣችሁ፣ መንገድ የራቃትን ሴት በስልክ ለምታማክሩ ባለሙያዎች ነው። ቪዲዮ አያስፈልግም። በእሷ በኩል ተራ ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃል።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው እንስማማ። ስልክ እብጠት አይዳስስም። ስለዚህ የስልኩ ሥራ ሁለት ነው፤ እጅ ሊዳስሳት የሚገባትን ሴት ከሌሎቹ መለየት፣ ከዚያም ያቺ ሴት እዚያ መድረሷን ማረጋገጥ። ከታች ያለው ሁሉ ለእነዚህ ሁለቱ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በሩ የሚዘጋ ክፍል። ካርድ ክፍል አጠገብ ያለ ቢሮ አይሆንም፤ የሚሰለፈው ሰው ሁሉ ይሰማል።
- ቻርጅ የተሞላ ስልክና በቂ ሂሳብ። ወጪው የእናንተ ነው። እሷ ሚስኮል ታድርግ፣ እናንተ መልሳችሁ ደውሉ።
- እሷ ጋ የምትቀመጥ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ።
- አንድ ገጽ ቅጽ፦ መለያ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ምልክት፣ የቤተሰብ ታሪክ፣ የተሰጠ ምክር፣ የሚቀጥለው ደወል ቀን።
- ጤና ኬላው ውስጥ የተቀመጠ የሪፈር ወረቀት።
- የመላኪያ ዝርዝር (ደረጃ 1 ላይ ታዘጋጁታላችሁ)።
- ጤና ኬላው ውስጥ 100 ፍሬ ባቄላ። አትሳቁ፣ ደረጃ 7 ላይ ይገባችኋል።

ደረጃ 1፦ የት እንደምትልኳት አስቀድማችሁ እወቁ

ማንንም ከማማከራችሁ በፊት አንድ ከሰዓት መድቡና በአካባቢያችሁ ላሉ ሆስፒታሎች ደውሉ። የጡት አልትራሳውንድ የሚሠራው የት ነው? በየትኞቹ ቀናት? ባለሙያው ፈቃድ ላይ ነው? በቀጭን መርፌ ናሙና የሚወስድ አለ? ናሙናው ወዴት ይላካል፣ ውጤቱስ በስንት ቀን ይመጣል? ዋጋው ስንት ነው? ሁሉንም በአንድ ወረቀት ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉ። በየወሩ ደግማችሁ ጠይቁ፤ ማሽን ይበላሻል፣ ሰው ይዛወራል።

ይህ ለምን ቀደመ? «ምልክቱ መታየት አለበት» ብላችሁ ካስደነገጣችኋት በኋላ የት እንደምትሄድ ካልነገራችኋት፣ ባትደውሉ ይሻል ነበር። አንዴ ከብት ሸጣ ተሳፍራ መጥታ «ባለሙያው የለም» የተባለች ሴት ሁለተኛ አትመጣም። ጎረቤቷም አትመጣም።

ደረጃ 2፦ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ሥራ ተከፋፈሉ

እሷ የማታውቀው ቤት የለም። የትኛዋ ሴት ስልክ እንዳላት፣ የትኛዋ በባሏ ስልክ እንደምትጠቀም፣ ማን «አንቱ» እንደሚባል ታውቃለች። በሦስት ነገር ተስማሙ። ሴቲቱን ጤና ኬላ ታስቀምጣታለች ወይም ቤቷ ትሄዳለች። ስለ ምን እንደምንነጋገር አስቀድማ ትነግራትና ፈቃዷን ትጠይቃለች። በእጅ የሚደረግ የጡት ምርመራ ከሠለጠነች፣ ምልክት የተገኘባትን እዚያው ትዳስሳለች። ካልሠለጠነች አታድርግ። «ምንም የለም» የሚል ያልሠለጠነ እጅ ሴቲቱን ለወራት ያዘናጋታል።

ደረጃ 3፦ ቀኑን ከእሷ ኑሮ ጋር አስማሙ

የገበያ ቀን አትደውሉ። በእርሻና በአጨዳ ወቅት ጠዋት አትደውሉ። እንደ 12 እና 21 ባሉ በዓላት፣ መሬት በማይታረስበት ቀን፣ ሴቲቱ ቤት ትገኛለች። ግን ባሏም፣ አማቷም፣ ቡና ጠጪውም እዚያው ናቸው። ስለዚህ በዓል ለቀጠሮ ጥሩ ነው፣ ለምክር ግን የሚመች ጤና ኬላው ነው። ልጅ ለማስከተብ የምትመጣበት ቀን ከሁሉ ይሻላል። ለምን መጣሽ የሚላት የለም።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች

ስለ ጡት አንድም ቃል ከመናገራችሁ በፊት እነዚህን በቅደም ተከተል፦

1. ስማችሁንና የሥራ ቦታችሁን ተናገሩ። በዕድሜ ከፍ ያለችውን «እትዬ» እና በአንቱታ።
2. «አጠገብሽ ማን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስፒከር ከሆነ ይጥፋ።
3. መውጫ ቃል ስጧት። «ሰው ከገባ ‹ክትባቱ መቼ ነው?› በይኝ፣ እኔ ስለ ክትባት እቀጥላለሁ።»
4. የምትናገረው ከእናንተና ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እንደማያልፍ፣ በፈለገች ሰዓት ማቆም እንደምትችል ንገሯትና «እንቀጥል?» በሉ። መልሷን ቅጹ ላይ ጻፉ።
5. «ኔትወርኩ ቢቆረጥ እኔ ነኝ የምደውለው» በሉ። ካላላችኋት እሷ ካርድ ልትሞላ ሱቅ ትሮጣለች።

ይህን ክፍል እንዳትዘሉት የምወተውተው ራሴ ስለተሳሳትኩ ነው። መጀመሪያ ሰሞን አንዲት ሴት ጋ ደወልኩ፤ ያነሳው ባሏ ነበር። «ስለ ጡቷ ጉዳይ ነበር» አልኩት፣ የማውቀውን ሁሉ ተናግሬ። ከዚያ በኋላ ያ ስልክ አልተነሳም። አሁን ሌላ ሰው ካነሳ «ከጤና ጣቢያ ነው፣ ስለ ቀጠሮ ነበር» ብቻ ብዬ እዘጋለሁ።

ደረጃ 5፦ ምልክቱን ቀድማችሁ ጠይቁ

ብዙዎች ከቤተሰብ ታሪክ ይጀምራሉ። አትጀምሩ። ምልክት ያላት ሴት የምትፈልገው ስለ ተጋላጭነት ማብራሪያ ሳይሆን ምርመራ ነው። አንድ በአንድ ጠይቁ፦

- ጡትሽ ላይ ወይም ብብትሽ ሥር የሚዳሰስ እብጠት አለ?
- ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኗል? ሰርጎድ ብሏል?
- የጡትሽ ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቷል? ድሮ እንደዚያ ነበር ወይስ አዲስ ነው?
- ከጫፉ ደም ወይም ውሃ የመሰለ ነገር ይወጣል?
- ጫፉ ላይ የማይድን ቁስል አለ?
- አንዱ ጡት ቀልቷል፣ አብጧል? መድኃኒት ወስደሽ አልዳነም?

ሁሉንም «የለም» ብትል አትዝጉ። አንዲት ሴት ስድስቱንም «የለም» አለችኝ። ተሰናብተን ልዘጋ ስል «ያቺ ሽምብራ የምታክለው ግን አታመኝም እኮ፣ ወተት ቋጥሮ ነው» አለች። ልጇ ጡት ከተወ ሦስት ዓመቱ ነው። ለእሷ እብጠት ማለት የሚያም ነገር ነው። የእሷ አታምም፣ ስለዚህ እብጠት አይደለችም። የጡት ካንሰር ደግሞ ሲጀምር ብዙውን ጊዜ አያምም፤ ሴቶች የሚዘገዩትም በዚሁ ነው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ እንዲህ ብላችሁ ጨምሩ፦ «የማያምም ቢሆንም፣ ትንሽ ብትሆንም፣ ከሌላው የተለየ የሚዳሰስ ነገር የለም?» መጠኑን በሴንቲሜትር አትጠይቁ። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ እንቁላል በሉ። ሽምብራም ይሁን እንቁላል ትላካለች።

አንዱን እንኳ «አለ» ካለች ደረጃ 6ን እና 7ን ትታችሁ ወደ ደረጃ 8 ሂዱ። እርጉዝ ብትሆንም፣ እያጠባች ብትሆንም፣ 25 ዓመቷ ቢሆንም። በማጥባት ጊዜ የሚመጣ መቅላትና ማበጥ አብዛኛውን ጊዜ ኢንፌክሽን ነው። ግን መድኃኒቱን ጨርሳ ካልተሻላት ሁለተኛ ዙር መድኃኒት ሳይሆን ሪፈር ይጻፍላት።

ደረጃ 6፦ ዕድሜና ቤተሰብ

ዕድሜዋን ቁጥር ከጠየቃችኋት «ሠላሳ ይሆነኛል» ትላችኋለች፤ የበኩር ልጇ ደግሞ 28 ዓመቱ ነው። በዘመን ጠይቁ። «በ77ቱ ድርቅ ተወልደሽ ነበር? በ83 ደርግ ሲወድቅ ልጅ ነበርሽ ወይስ አግብተሽ ነበር?» ዕድሜ ለምን ይፈለጋል? ሴት ከመሆን ቀጥሎ ትልቁ አጋላጭ እሱ ነው። ቢሆንም እዚህ አገር ብዙ ታማሚዎች በአርባዎቹና ከዚያ በታች ዕድሜ ላይ ስለሚገኙ «ገና ልጅ ነሽ» የሚባል ምክር የለም።

ቤተሰብ ላይ ጊዜ ስጡ። ሦስት ወጥመዶች አሉ።

የመጀመሪያው ቃሉ ነው። «በቤተሰብሽ ካንሰር አለ?» ብትሉ «የለም» ነው መልሱ። ያኔ ማን መረመራቸው? «ጡቷ አብጦ ወይም ቆስሎ የታመመች፣ የሞተች አለች?» በሉ። ቀጥላችሁ «ሆዷ ውሃ ቋጥሮ አብጦ የሞተችስ?» በሉ፤ የእንቁላል ማኩረቻ ካንሰር በዚህ መልክ ይነገራል። የሆድ ውሃ በጉበት በሽታም ይመጣልና ለብቻው ማስረጃ አይሆንም፣ ግን ጻፉት።

ሁለተኛው የአባት ወገን ነው። ሴቶቹም ባለሙያዎቹም የጡት ነገር በእናት በኩል ብቻ የሚመጣ ይመስላቸዋል። አይደለም። የአባት እህት፣ የአባት እናት እኩል ይቆጠራሉ። ጡቱን የታመመ ወንድ ካለም ትልቅ ምልክት ነው።

ሦስተኛው «እህቴ» የሚለው ቃል ነው። እህቴ የአክስት ልጅም፣ የክርስትና እህትም፣ ጎረቤትም ትሆናለች። «በእናትም በአባትም አንድ ናችሁ?» ብላችሁ አጥሩ። እናት፣ እህትና ልጅ የመጀመሪያ ደረጃ ዘመድ ናቸው፤ ተጋላጭነትን ይበልጥ የሚጨምሩት እነሱ ናቸው። ለእያንዳንዷ ታማሚ በስንት ዓመቷ እንደታመመችና አንድ ጡቷን ወይስ ሁለቱንም እንደሆነ ጻፉ።

ሌላውን በፍጥነት እለፉት፦ የወር አበባ ከ12 ዓመት በፊት ጀምሯት ነበር? ከ55 በኋላ ቆመ? የመጀመሪያ ልጇን ከ30 በኋላ ወለደች ወይስ አልወለደችም? ከዚህ በፊት ጡቷ ላይ ናሙና ተወስዶ ያውቃል? በልጅነቷ ደረቷ ላይ የጨረር ሕክምና ወስዳለች? ትጠጣለች?

ደረጃ 7፦ ተጋላጭነቱን በባቄላ አሳዩ

«ፐርሰንት» የሚለውን ቃል ተዉት። ባለሙያዋ 100 ባቄላ ሰፌድ ላይ ትዘርጋ። እናንተ በስልክ ትመራላችሁ።

በመጀመሪያ እንዲህ በሉ፦ «እነዚህ መቶዎቹ የጡት ካንሰር የያዛቸው ሴቶች ናቸው። አሥሩን ለዪ። በዘር በወረሱት ምክንያት የታመሙት ቢበዛ እነዚህ አሥሩ ናቸው። ዘጠናዎቹ አይደሉም።» በዘር የሚመጣው ከ5 እስከ 10 በመቶ ስለሆነ ነው። ይህ «በዘራችን የለም፣ እኔን አይነካኝም» የሚለውን ያፈርሳል።

ከዚያ እናቷ ወይም የእናቷ ልጅ የታመመችባት ከሆነ አንድ ባቄላ በአንድ በኩል፣ ሁለት ባቄላ በሌላ በኩል ይቀመጥ። «ቤተሰቧ ያልታመመባት ሴት ይህቺ አንዷ ናት። አንቺ ጋ እጥፍ ነው። እጥፍ ማለት ግን ትታመሚያለሽ ማለት አይደለም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሳትናገሩ ባቄላውን አታስነሱ።

ኢንተርኔት ላይ ያሉ ማስሊያዎችን ለእሷ አትጠቀሙ። የጌይል ሞዴል የሚባለው የተሠራው በአሜሪካ ሴቶች መረጃ ነው፤ የአባት ወገንንም አይቆጥርም። «ከስምንት ሴት አንዷ» የሚለውም የአሜሪካ ቁጥር ነው፣ ለወልዲያ ወይም ለጂንካ ሴት አይነበብም።

ቢአርሲኤ የሚባሉትን ጂኖች የምታነሱት ጠንካራ የቤተሰብ ታሪክ ካለ ብቻ ነው፦ በአንድ ወገን ሁለትና ከዚያ በላይ ታማሚ፣ ከ50 ዓመት በፊት የታመመች፣ ሁለቱንም ጡት የያዛት፣ የእንቁላል ማኩረቻ ካንሰር፣ ወይም የታመመ ወንድ። በእነዚህ ጂኖች ላይ ያለ ጎጂ ለውጥ ከወረሱ ሴቶች ከመቶ 70 ያህሉ እስከ 80 ዓመታቸው ድረስ ይታመማሉና ቁጥሩ ያስደነግጣል። የጂን ምርመራው በመንግሥት ተቋማት በመደበኛነት ስለማይሰጥ ቃል አትግቡ። በካንሰር ሐኪም እንድትታይ ላኳት።

ደረጃ 8፦ ምን ታድርግ?

*ምልክት ያላት፦* «ይህ በእጅ መታየት አለበት። አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም፣ ግን ሳይታይ አይታወቅም» በሉ። የሪፈር ወረቀቱ እዚያው ይጻፍ። ወረቀቱ ተራ ነገር አይደለም፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላት ሴት ሪፈር ሳትይዝ ዘላ ከሄደች ከኪሷ ልትከፍል ትችላለች። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሆስፒታሉን የክፍል ቁጥር፣ የሚቀበላትን ባለሙያ ስም ንገሯት። ከ40 ዓመት በታች ከሆነች አልትራሳውንድ ይቀድማል፤ በወጣት ጡት ላይ ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ብዙ አያሳይም። አብሯት የሚሄድ ሰው ትምረጥ።

*ምልክት የሌላት፣ ጠንካራ የቤተሰብ ታሪክ ያላት፦* በዓመት አንዴ በሠለጠነ እጅ ትታይ። ብዙ መመሪያዎች የምስል ምርመራ ዘመዷ ከታመመችበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ፣ ግን ከ30 በፊት ሳይሆን፣ ይጀመር ይላሉ። እናቷ በ44 ከታመመች እሷ በ34 ማለት ነው።

*ሁለቱም የሌላት፦* ጡቷን ትወቅ። ወር አበባዋ ባለቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ እየታጠበች፣ በጣቶቿ ጫፍ የውስጥ በኩል ጡቷን ትዳስስ። ይህ ካንሰርን ይከላከላል አትበሏት፤ ጥቅሙ ለውጥ ሲመጣ ቶሎ እንድታውቅ ነው። ማጥባት ይጠቅማል። የምትጠጣ ከሆነ የአረቄውን ነገር ትቀንስ።

ደረጃ 9፦ መልሳ ትንገራችሁ

«ገባሽ?» አትበሉ። «እሺ» ነው መልሱ፣ ሁልጊዜ። «ማታ ለእህትሽ ብትነግሪያት ምን ትያታለሽ?» በሉና ዝም በሉ። የተሳሳተውን ብቻ አርሙ። ቀጠሮውን፣ ቦታውን፣ የምትይዘውን ወረቀት በራሷ አፍ ካልተናገረች ደወሉ አላለቀም።

ደረጃ 10፦ ተከታተሉ

የላካችኋትን ሴት ከቀጠሮዋ በፊት ባለው ቀን፣ ከቀጠሮዋ በኋላ በ3ኛው ቀን፣ ከዚያ ውጤት እስኪመጣ በየሁለት ሳምንቱ ደውሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የጡት ካንሰር ዘመቻ ሴቲቱ ከቀረበችበት ቀን ጀምሮ ምርመራዋ በ60 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ ይላል። ስለዚህ ቅጹ አናት ላይ የመጀመሪያውን ደወል ቀንና 60ኛውን ቀን ጎን ለጎን ጻፉ። ውጤቱ ካንሰር ከሆነ በስልክ አትንገሯት። ትምጣ፣ ሰው ይዛ።

ደጋግመው የሚጠይቋችሁ

*«መርፌው ነው ያመጣብኝ?»* የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ ነው። ሆርሞን ያለው መከላከያ በሚወሰድበት ጊዜ ተጋላጭነትን በትንሹ ይጨምራል፤ ለወጣት ሴት ጭማሪው በጣም ጥቂት ነው። በራሷ እንዳታቋርጥ ንገሯት። ጠንካራ የቤተሰብ ታሪክ ካላት ሌላ አማራጭ ከባለሙያ ጋር ትምረጥ።

*«ብረት ከነካው ይባስበታል ይላሉ።»* ይህን አታቃሉት፤ ብዙ ሴት ከናሙና የምትሸሸው በዚህ ነው። እንዲህ በሉ፦ «ዘግይተው የሄዱትን አይተው ነው። በሽታው ቀድሞ ተሰራጭቶ ስለነበር እንጂ መርፌው አይደለም።»

*«ብርና ስልክ ጡት ሥር መያዝስ?»* አያመጣም። *«ይጋባል?»* አይጋባም።

*«ጠበል ጀምሬያለሁ።»* አትከራከሩ። «ጠበሉ ይቀጥል፣ ቀጠሮው አይለፍ።» ከተከራከራችሁ የምታጡት ሴቲቱን ነው።

ማስጠንቀቂያ

የጡት ፎቶ በቴሌግራም አታስልኩ። ስልኩ የባሏ፣ የልጇ ወይም የጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ ፎቶው እብጠትን አያሳይም፤ ከወጣ ደግሞ አይመለስም። ጽሑፍ መልእክትም እንደዚያው፤ መላክ ካለባችሁ «ቀጠሮሽ ማክሰኞ ነው» ብቻ ይሁን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። ቅጹ ላይ ስሟን ሳይሆን መለያ ቁጥር ጻፉ፣ የስሙን ዝርዝር በቁልፍ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

የተለመዱ ስህተቶች

- በስልክ «ካንሰር አይመስለኝም» ማለት። ልታጽናኗት ነው፣ ይገባኛል። ግን እሷ የምትሰማው «አትሂጂ» ነው።
- «አንድ ወር ጠብቀሽ ካልጠፋ ደውዪ» ማለት። አትደውልም።
- በአንድ ደወል ከ20 ደቂቃ በላይ ማውራት። ባትሪውም ትዕግሥቱም ያልቃል። ቤተሰቡን ለሁለተኛ ቀን አቆዩት፣ ምልክቱን ግን አይደለም።
- ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን በሪፖርት ጊዜ ብቻ ማስታወስ። የሄደችውንም የቀረችውንም ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት።
- «ሪፈር ተጽፏል» በሚለው ላይ መዝገቡን መዝጋት። የሚዘጋው «ታይታለች፣ ውጤቱ ይህ ነው» ሲባል ብቻ ነው። በ60ኛው ቀን ያልተዘጋ መስመር ካለ ቀይ እስክሪብቶ አንሡና ለሆስፒታሉ ደውሉ፣ ከዚያ ለእሷ።